«ፕሮቲኑ ተገልጿል»፦ ገጽ ስንት ላይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። መመረቂያ ጽሑፌ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ እንዲኖረው ፈልጌ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ ‹በዚህ ጥናት የተመሐነደሰ ፕሮቲን በባክቴሪያ ፕላስሚድ ውስጥ ተገልጿል።› አማካሪዬ ‹ተገልጿል› የሚለውን በቀይ ከበቡትና ‹ገጽ ስንት ላይ?› ብለው ጻፉበት። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ኋላ ግን ተበሳጨሁ። ኤክስፕረሽንን ምን እንበለው? ‹ፕላስሚድ› ነው ‹ፕላዝሚድ›? ‹ቬክተር›፣ ‹ሆስት›፣ ‹ትራንስፎርሜሽን› የሚባሉትንስ? እናቴም ምን እንደምሠራ በጠየቀችኝ ቁጥር አፌ ይተሳሰራል።»

መልስ፦ አማካሪሽ ጥሩ ጆሮ አላቸው። «ተገልጿል» ሲባል አማርኛ አንባቢ የሚሰማው «ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» ነው። ሚኒስትሩ ገለጹ። መግለጫ ተሰጠ። ከላይ እንደተገለጸው። ዜና አንባቢዎች ቃሉን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያመላልሱት ሌላ ትርጉም የሚይዝበት ክፍት ቦታ አልተረፈውም። «ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ገለጸው» ብትዪኝ እኔ የሚታየኝ ኢኮላይ የሚሉት የላብራቶሪ ባክቴሪያ ማይክሮፎን ይዞ ቆሞ ነው።

ችግሩ የቃል እጥረት አይደለም። እንግሊዝኛው አንዱን ግስ ለሁለት ነገር ያሠራዋል። ጂኑም «ኤክስፕረስ» ይደረጋል፣ ፕሮቲኑም «ኤክስፕረስ» ይደረጋል። እኛ ሁለቱን በአንድ ግስ ልናስር ስንሞክር ነው የምንወላከፈው። እስቲ ቃሉን ተይውና ድርጊቱን እዪው። ጂኑ ዲኤንኤ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ካልተነበበ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወደ አርኤንኤ ሲገለበጥ፣ ያንን አርኤንኤ ደግሞ ራይቦሶም የሚባለው የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ እያነበበ አሚኖ አሲድ በአሚኖ አሲድ ላይ ሲቀጥል፣ ተሰውሮ የነበረው ትእዛዝ ወደሚታይ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ጂኑ ተገለጠ ማለት ያስኬዳል። ፕሮቲኑ ግን ምኑ ይገለጣል? ከዚያ በፊት አልነበረማ! ፕሮቲኑ ተሠራ፣ ተመረተ ነው የሚባለው።

«ተገለጠ» ያልኩት በ«ጠ» መሆኑን ልብ በዪ። «ገለጸ» እና «ገለጠ» እንደ «ጸጉር» እና «ጠጉር» ያሉ መንትዮች ናቸው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሥራ ተከፋፈሉ። «ገለጸ» ወደ ንግግር ሄደ። «ገለጠ» እጅ የሚነካው ነገር ላይ ቀረ፦ መጽሐፍ ገለጠ፣ ክዳኑን ገለጠ፣ ምሥጢሩ ተገለጠ። ለጂን የሚስማማው ይሄኛው ነው። «የጂን መገለጥ» ብለሽ ጻፊ፤ ማንም ገጽ ስንት ብሎ አይጠይቅሽም። «ጂን» የሚለውን ካልወደድሽው «ዘረመል» አለልሽ። እኔ ግን «ዘረመል»ን ለጠቅላላው፣ «ጂን»ን ለአንዷ ቁራጭ ባደርግ ይቀናኛል።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። «ፕላዝሚድ» የሚለውን ቃል በ1952 (በፈረንጆች) የፈጠረው አሜሪካዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ጆሹዋ ሌደርበርግ ነው፤ መነሻው «ሳይቶፕላዝም» ነው። እኛ ደግሞ «ሳይቶፕላዝም» ብለን በ«ዝ» ስንጽፍ ኖረናል። «ፕላዝማ»ንም ቢሆን በቴሌቪዥን የተማረ ትውልድ ሁሉ ያውቀዋል፤ አስተማሪው ከስክሪን ውስጥ ሆኖ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ሳይሰማ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፍ ነበር። ዘመዶቹ ሁሉ በ«ዝ» ከሆኑ «ፕላዝሚድ» ብቻውን በ«ስ» የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። «ፕላስሚድ» ብሎ የጻፈን ሰው ግን አልጣላም። አንዱን ይዘሽ እስከ መጨረሻው ዝለቂ እንጂ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም አታድርጊ። ብዙ ቁጥሩ «ፕላዝሚዶች» ነው። «ባክቴሪያ»ም በላቲኑ ብዙ ቁጥር ነው እያሉ አንዱን «ባክቴሪየም» የሚሉ አሉ። አማርኛ ቃሉን ከተቀበለው በኋላ የላቲን ሰዋስው አያስገድደውም፤ ባክቴሪያ፣ ባክቴሪያዎች፣ አለቀ።

ፆታውስ? «ባክቴሪያው» ወይስ «ባክቴሪያዋ»? ሁለቱም ይባላል። አማርኛ ትንሽ ነገርን፣ የወደዱትን ነገር አንስታይ ማድረግ ይወዳል። ተማሪ ሥራው ሲሳካለት «ፕላዝሚዷ ገባችልኝ!» ሲል፣ ሲበላሽበት «ይሄ የተረገመ ፕላዝሚድ» ሲል ሰምቻለሁ። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ተባዕቱን ያዢ።

ዓረፍተ ነገርሽ ላይ አማካሪሽ ያልከበቡት ሌላ ስሕተት አለ፦ «ፕላስሚድ ውስጥ» ያልሽው። ፕላዝሚድ ዕቃ አይደለም፤ ውስጥ የለውም። ክብ ሆኖ የተጋጠመ ዲኤንኤ ነው። ጂኑ ያለው ፕላዝሚዱ ላይ ነው። ፕሮቲኑ የሚሠራው ደግሞ ባክቴሪያው ውስጥ ነው። እዚህ ላይ አንዲት «ላይ» እና አንዲት «ውስጥ» ቦታ ቢለዋወጡ ሳይንሱም ይፈርሳል።

«የተመሐነደሰ» የሚለውን በተመለከተ ሰዋስው አይከለክልሽም። «ምሕንድስና» ካለ «ተመሐነደሰ» ማለት ይቻላል። ግን ቃሉ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸታል። «ልውጥ» ብትዪ ደግሞ አንባቢው በአንድ ጊዜ ስለ «ልውጠ ህያው» ሰብሎች ክርክር ውስጥ ይገባብሻል። እኔ ብሆን በምሳሌ አስቤ ቃሉን እመርጥ ነበር። ግላርጂን የሚባለውን፣ በገበያ ስሙ ላንተስ የሚሉትን ኢንሱሊን ውሰጂ። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ አለው። ግላርጂን ላይ አንዷ አሚኖ አሲድ በሌላ ተተክታለች፣ ከአንደኛው ሰንሰለት ጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ተጨምረዋል፤ በዚህ ምክንያት ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ ይሟሟና አንድ ቀን ገደማ ይሠራል። የሚመረተው ኢኮላይ ውስጥ ነው። ታዲያ ይህን ምን ትዪዋለሽ? «ተነድፎ የተሠራ ፕሮቲን» ወይም «ሆን ተብሎ የተለወጠ ፕሮቲን»። «ንድፍ» ልብስ ሰፊውም፣ ሠዓሊውም፣ መሐንዲሱም የሚጠቀምበት ቃል ስለሆነ አይከብድም።

«ቬክተር» ወጥመድ አለው። የጤና ባለሙያ ቬክተር ሲል የወባ ትንኝ ማለቱ ነው፤ አማርኛውም «በሽታ አስተላላፊ» ሆኗል። ያንን ትርጉም ገልብጠሽ ላብራቶሪ ካስገባሽው ፕላዝሚድሽ ያለ ኃጢአቱ በሽታ አስተላላፊ ሆነ! ያንቺው «ተሸካሚ» ነው። ጂን ይሸከማል፣ ይዞ ይገባል። የፕላዝሚዶቹን ስም ግን አትተርጉሚ። «ፒቢአር 322» ላይ «ቢአር» በ1977 የሠሩት የቦሊቫርና የሮድሪገዝ የስማቸው መነሻ ፊደሎች ናቸው። የሰው ስም አይተረጎምም።

«ሆስት»ን «አስተናጋጅ» ያሉ አሉ። ትሪ ይዞ «ምን ልታዘዝ?» የሚል ባክቴሪያ ነው የሚታየኝ። «ተቀባይ» ብንል ደግሞ ሬሴፕተር የሚሉት ሌላ ነገር ስሙን ቀድሞ ወስዶታል። እኔ «አሳዳሪ» እላለሁ። አሳዳሪ የመሸበትን እንግዳ የሚያሳድር፣ ቤት የሚሰጥ፣ የሚያበላ ነው፤ ባክቴሪያውም ለፕላዝሚዱ የሚያደርግለት ይህንኑ ነው።

ይህን ቃል ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። አንድ ወዳጄ ላብራቶሪ ቁጭ ብዬ ሁለት ተማሪዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዷ፦ «ትናንት ትራንስፎርም አድርጌ ፕሌት ላይ ዘርግቼ አሳደርኩት፤ ዛሬ ባየው ጢም ብሎ ሞልቷል።» ሌላዋ ቀና እንኳ ሳትል፦ «አምፒሲሊን ረስተሻላ!» ፕሌት የሚሉት ባክቴሪያ የሚያሳድጉበትን ሳህን ነው። በዚህች አጭር ወሬ ውስጥ ስሞቹ ሁሉ የውሰት ናቸው፤ «ዘረጋ»፣ «አሳደረ»፣ «ረሳ» ግን የራሳችን። «አሳደርኩት» የሚለውን ልብ ብለሻል? እንግሊዝኛው ሁለት ሦስት ቃል የሚፈጅበትን አማርኛ ባንድ ግስ ጨረሰው። ሊጥ እንደሚያድር፣ ጥሬ ተነክሮ እንደሚያድር፣ ባክቴሪያም በ37 ዲግሪ ያድራል። ለዚህ ነው ስሙን ከውጭ ብትበደሪም ግሱን ከቤት አትጪ የምልሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ያላችሁት ልጆች ሳታውቁት የምትሠሩት ይህንኑ ነው፤ ወረቀት ላይ ስትደርሱ ብቻ ነው የምትፈሩት።

አምፒሲሊኑን ካነሳን፣ ፕላዝሚዱ አምፒሲሊንን የሚሰባብር ኤንዛይም የሚያሠራ ጂን ይሸከማል፤ ፕላዝሚዱ የገባለት ባክቴሪያ ይተርፋል፣ ያልገባለት ያልቃል። መድኃኒቱን ከረሳሽው ግን ሁሉም ያድጋል፤ የልጅቷ ፕሌት የሞላው ለዚህ ነው። ይህን ብዙዎች «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ» ብለው ይጽፉታል። ለሐኪም ቤቱ ችግር «መላመድ» የሚለው ቃል ጸንቷል፣ አልነካውም። ያንቺ ባክቴሪያ ግን ምንም አልለመደም፤ ትጥቁ ባንድ ቀን ተሰጠው። መላመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ እየቆየ የሚመጣ ነው። «የሚቋቋም» በዪ።

«ትራንስፎርሜሽን» ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ወይ የመንገድ ዳር ትራንስፎርመር ነው፣ ወይ «የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ»። ስያሜው የመጣው በ1928 እንግሊዛዊው ግሪፊዝ ምንም የማይጎዳው የሳንባ ምች ባክቴሪያ ከሞተው ገዳይ ዘመዱ ጋር አይጥ ውስጥ ሲገባ ራሱም ገዳይ ሆኖ ስላገኘው ነው። እዚያ ላይ በእርግጥ መለወጥ ነበረ። አንቺ የምታደርጊው ግን ባክቴሪያውን በረዶ ላይ ማቆየት፣ ለአንድ ደቂቃ ገደማ 42 ዲግሪ ውስጥ መንከር፣ ወደ በረዶው መመለስ፣ በዚያ ድንጋጤ መሃል ፕላዝሚዱ ሾልኮ እንዲገባ ማድረግ ነው። «ፕላዝሚዱን ባክቴሪያው ውስጥ አስገባሁ» በዪና እረፊ።

ያልጠየቅሽኝን ሦስት ቃል ልጨምርልሽ፣ እነዚህን ስለምወዳቸው ነው። «ኢንዱስ ማድረግ» የምትሉትን «መቀስቀስ» በዪው። ጂኑ ተኝቷል፤ ሪፕረሰር የሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተጋድሞ መንገድ ዘግቶበታል። አይፒቲጂ የሚባለውን ኬሚካል ስትጨምሪ ዘቡ ተነሥቶ ይሄዳል። «በአይፒቲጂ ቀሰቀስኩት» ምን ይጎድለዋል? ሁለተኛው «ጓጎለ» ነው። ባክቴሪያው በችኮላ ብዙ ፕሮቲን ሲሠራ ፕሮቲኑ በቅጡ ሳይታጠፍ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሹሮ ያማሰለች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው፤ ዱቄቱን ባንዴ ስትጨምሪው ጓጎለ። ለዚህ ነው እናንተም ሙቀቱን ወደ 18 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ እንዲሠራ የምታሳድሩት። ሦስተኛው «አነጠረ»። ፕሮቲኑን ከሌላው ኮተት ስትለዪው «አጣራሁ» አትበዪ፤ «አጣራ» ወሬም ያጣራል፣ ሒሳብም ያጣራል፣ ቡናም ያጣራል። «አነጠረ» ግን ቅቤና ወርቅ ላይ የሚውል ነው፤ እሳት ላይ ተጥዶ፣ አተላው ተለይቶ፣ ንጹሑ ቀረ። «የነጠረ ፕሮቲን» ከዚህ ይመጣል። «ንጥረ ነገር» የሚለው የትምህርት ቤት ቃልሽም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገርሽ እንዲህ ቢሆንስ፦ «በዚህ ጥናት ተነድፎ የተሠራውን ጂን የሚሸከም ፕላዝሚድ ኢኮላይ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑ ተመርቷል፤ ከዚያም ነጥሯል።» ትንሽ ረዘመ። ቢሆንም ማን ምን እንዳደረገ ይታያል። ወደ እንግሊዝኛ መልሰሽ ብትተረጉሚው አማካሪሽ የሚጠይቁሽ ነገር አይኖርም፤ ቢኖራቸውም የሳይንስ ጥያቄ ይሆናል።

ለእናትሽ ከኢንሱሊን ጀምሪ። የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ወይም ጎረቤት መቼም አይጠፋም። «ድሮ ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው፤ በ1978 የሰውን ኢንሱሊን ባክቴሪያ እንዲሠራው ተደረገ፣ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ፤ እኔም ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ሥራ እንዲሠራ ትእዛዝ የተጻፈበት ነገር አስገባበታለሁ» በያት። ኢኮላይ የሚለውን ስም ከተቅማጥ ጋር ታውቀው ይሆናል፤ የላብራቶሪዎቹ ገራሞች መሆናቸውን ንገሪያት። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ፕላዝሚድ ምን እንደሚመስል ስትጠይቅሽ «ቀለበት» እንዳትያት፤ ክብ ነው በያት። «ልጄ ቀለበት አስገባሁ አለችኝ» ብላ ለጎረቤት ከተናገረች፣ ልጁ ማነው፣ የማን ልጅ ነው የሚለውን መልሰሽ አትጨርሺም።