ለኤፒ ካልኩለስ ተፈታኞች፦ ምክንያቱንም ጻፉ

ልጆቼ፣ አሜሪካ ሆናችሁ ለኤፒ ካልኩለስ፣ ማለትም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ የካልኩለስ ፈተና፣ የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ብዙ ተማሪ ዲሪቬቲቩን በትክክል ካወጣ በኋላ ክፍልፋይ ሲያቃልል ወይም ማይነስ ሲያዞር ይሳሳታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ለአልጀብራና ለትሪጎኖሜትሪ ስጡ። የሎጋሪዝም ሕጎች፣ የ30፣ የ45 እና የ60 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን ከነራዲያናቸው ሳታስቡ ከአፋችሁ ይውጡ። ካልኩሌተራችሁ ዲግሪ ላይ ተረስቶ ከቀረ ትክክለኛው ዘዴ የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል።

የ2025ቱ ፈተና 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የፈጀ ሲሆን 45 የምርጫና 6 በጽሑፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ሁለቱም ክፍሎች እኩል ይመዝናሉ። ለስህተት ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ምርጫ ባዶ አትተዉ።

እኔን የሚያሳስቡኝ ስድስቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 9 ነጥብ አላቸው፣ ነጥቡም ለየእርምጃው ይከፋፈላል። «ግራፉ ወጥቶ ስለሚወርድ» ማለት አያስቆጥርም፤ ዲሪቬቲቩ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ስለሚለወጥ ማክሲመም ነው በሉ፣ የየትኛው ፈንክሽን ዲሪቬቲቭ እንደሆነም ስሙን ጥሩ። በተዘጋ ኢንተርቫል ላይ ትልቁን ዋጋ ስትፈልጉ ሁለቱን ጫፎችም አስልታችሁ አወዳድሩ። ሚን ቫልዩ ቲዎረምን (Mean Value Theorem) ከመጠቀማችሁ በፊት ፈንክሽኑ ኮንቲኒየስ መሆኑን ከነምክንያቱ አስፍሩ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ዋዩን በአንድ ወገን፣ ኤክሱን በሌላው ሳትለዩ ከጀመራችሁ ቀሪው ሥራ አያድናችሁም። ፕላስ ሲ (+C፣ ቋሚው ቁጥር) ደግሞ ኢንተግራሉን ባወጣችሁበት መስመር ላይ ይጻፍ። ሎጋሪዝሙን ካነሳችሁ በኋላ ቋሚው ቁጥር ማባዣ ስለሚሆን፣ ያኔ ብትደምሩት መልሱ ሌላ ነው።

በካልኩሌተር ስትሠሩ መሐል ላይ አታጠጋጉ፤ የመጨረሻው መልስ ከነጥብ በኋላ 3 አሃዝ ይኑረው። ያለ ካልኩሌተር ሲሆን 4+3×2 ብላችሁ ብትተዉት ይቆጠርላችኋል፣ አቃልላችሁ 9 ካላችሁ ግን በእጃችሁ የነበረውን ነጥብ ጣላችሁ።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ያለፉ ዓመታትን የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያ መመሪያቸው በነፃ ያወጣል። ጥያቄውን ከስክሪን እያነበባችሁ በወረቀት ላይ በእጃችሁ ሥሩ፤ በ2025 ፈተናው የተሰጠው እንዲሁ ነው። ለአንዱ 15 ደቂቃ ያዙ፣ ከዚያ በሌላ ቀለም እስክሪብቶ በመመሪያው ራሳችሁን አርሙ፣ ያጣችሁት ነጥብ አጠገብ «አልጀብራ»፣ «ሐሳብ» ወይም «አጻጻፍ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከ3 ቀን በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት።