ስልኩ ሲበራ አባባ ዜና አንባቢ ይሆናሉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከለገሃሬ ነው። አያቴ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲቀመጡ ወሬያቸው አይጠገብም። ለመቅዳት ስልኬን ሳበራ ግን አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ዜና አንባቢ ይጀምራሉ። አንዱ ጓደኛቸው ደግሞ በየዓመተ ምሕረቱ ይከራከሯቸዋል። ከወሬው ግማሹ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ነው። አጎቴ በበኩሉ «ስለ ጦርነቱና ስለ ደርግ ሲያወሩ አትቅጂ፣ ጣጣ ያመጣል» ይለኛል። ምን ላድርግ? ከየትስ ልጀምር? የልጅ ልጅ ነኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ። ስልኩን ስታበሪ ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪው? «አባባ፣ የባቡሩን ታሪክ ይንገሩን» ካልሽ ዜና ቢያነቡልሽ አይፈረድባቸውም። ታሪክ ሲባል ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የሚያውቀውን ትቶ፣ ማወቅ ይገባኛል የሚለውን ማውራት ይጀምራል።

ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ መድረሱን፣ በ1909 አዲስ አበባ መግባቱን መጻሕፍት ይዘውታል። አባባ ያኔ አልተወለዱም። መጽሐፍ ያልያዘውን ጠይቂያቸው። ወርክሾፕ ሲገቡ መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ ምን ነበር? ማን አስተማራቸው? በምን ቋንቋ? እጃቸው ላይ የተጣበቀውን ግራሶ በምን ያስለቅቁት ነበር? ደመወዝ የሚከፈለው የት ተሰልፈው ነው? የዚያን ቀን ማታስ ወዴት ይኬድ ነበር? (ለመጨረሻዋ ጥያቄ ሴቷ አያትሽ አጠገባቸው ባይኖሩ ይሻላል።)

እጃቸው ላይ ዕቃ ብታደርጊላቸው ደግሞ ይበልጥ ይፈታሉ። የድሮ መታወቂያ፣ መፍቻ፣ የባልደረቦች ፎቶ፣ ያገኘሽው ሁሉ ይሆናል። ጉልበታቸው ከቻለ ፈቃድ ጠይቀሽ ከዚራ ወዳለው አሮጌው ጣቢያ ውሰጃቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ ወደተሠራው አዲሱ ጣቢያ አይደለም፤ እሱ የእሳቸው አይደለም። አሮጌዎቹ ባቡሮች አሁንም ወርክሾፑ ግቢ ቆመዋል። ሰው የሠራበትን ማሽን ሲያይ አፉ ብቻ ሳይሆን እጁም ያወራል። እዚያ በቪዲዮ ቅጂ።

ሰዓቱን በተመለከተ የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተር ካልዞረ መቀመጥ አይቻልም፣ ቬንትሌተሩ ከዞረ ደግሞ ቅጂው ሁሉ ንፋስ ነው። ስለዚህ በጠዋት፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብትቀጂ ጥሩ ነው። ባጃጁም ገና አልበዛም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፤ መሀል ላይ ጥሪ ከገባ አንዳንዱ ስልክ ቅጂውን ያቋርጠዋል። የሻይ ብርጭቆ የሚንኳኳበት ጠረጴዛ ላይ ከምታስቀምጪው የታጠፈ ነጠላ ላይ ጣል አድርገሽ ወደ ደረታቸው አስጠጊው። መቅጃው ፕሮግራም «ዋቭ» (WAV) የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጪ። ጥራቱ ከፍ ሲል የ1 ሰዓት ቅጂ ወደ 600 ሜጋባይት ይይዛልና ቦታ አስለቅቂለት። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኪ በፋይል መልክ ላኪው፣ የድምፅ መልእክት አድርገሽ አትቅጂበት። ጥራቱ ይቀንሳል። ከአንድ ሰዓት በላይ ደግሞ አታስቀምጫቸው። ይደክማሉ፤ አንቺም ጽሑፍ ላይ ስታሰፍሪው የ1 ሰዓት ወሬ ሙሉ ቀን ሊበላብሽ እንደሚችል ታያለሽ።

ከሰዓት በኋላ ያለውን የበርጫ (የጫት) ሰዓት ግን ሙሉ በሙሉ አትተዪው። በእኛ ከተማ ወሬ የሚደራው ምርቃና ላይ ነው፣ እንዳልተባለ አድርገን አንለፈው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ የማያነሱትን ያነሳሉ። ሲመረቅኑ ቅጂ። ፈቃዱን ግን ከምርቃናው በፊት ጠይቂ።

አሁን ወደ ጓደኛቸው እንምጣ። ሁለቱ በዓመተ ምሕረት ሲጣሉ አትገላግያቸው። ስልኩ ይቀጥል። የጣሊያኗ ተርኒ ከተማ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞችን የጠየቀ አንድ ተመራማሪ የገጠመው ነገር አለ። በፈረንጆች 1949 አንድ ወጣት ሠራተኛ ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ልጁ የሞተው በ1953 ነው አሉ። በ1953 ከፋብሪካው ብዙ ሰው ተባሮ ከተማው ታውኮ ነበር። ሞቱን ወደ ትልቁ ሕመማቸው አዛወሩት። ቀኑን ስተዋል፣ ግን ከስህተታቸው ምን እንዳንገበገባቸው ይታወቃል። የአባባ ጓደኛም አንዱን አደጋ ወይም አንዱን አድማ ሌላ ዓመት ላይ ከተከሉት፣ ለምን እዚያ እንደተከሉት ጠይቂ እንጂ «ተሳስተዋል» አትበይ።

ትክክለኛውን ቀን ከፈለግሽ በኋላ ብቻሽን አጣሪው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ትርፍ ቤት ሳይወረስ ነው ከተወረሰ በኋላ?» በይ፤ ያ 1967 ነው። «ብሩ ሳይቀየር ነው?» በይ፤ የጃንሆይ ምስል ያለበት ብር በ1969 ነው የተቀየረው። ነሐሴ 1969 ሶማሊያ ድሬዳዋን ልትይዝ የሞከረችበት ነው፤ ያን ጊዜ አዋቂ የነበረ የድሬ ሰው አይረሳውም። ለቅርቡ ደግሞ የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አለ።

አንድ ወጥመድ አለ። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይ እጅ ያለበት ስለነበር፣ ከሳጥን የምታወጪው ወረቀት የፈረንጅ ቀን ሊይዝ ይችላል። አባባም አንዳንዴ በዚያ ይቆጥሩ ይሆናል። «በሰባ ሰባት» ካሉሽ ቆም በይ። በፈረንጅ ከሆነ የሶማሊያ ጦርነት ነው። በእኛ ከሆነ ድርቁና ረሃቡ ነው። ስምንት ዓመት የሚያህል ልዩነት አለው።

ስለ ቋንቋው አትጨነቂ። «አባባ፣ በአማርኛ» ብለሽ አታቋርጫቸው። የድሬ ሰው ቀልዱን በሶማልኛ ጀምሮ ቁጣውን በኦሮምኛ ይጨርሳል። የዕቃዎቹን ስም ደግሞ እንደ ፈረንሳዮቹ ይጠራል። እንዳለ ይቀዳ። ያልገባሽን ቦታ ደቂቃውን ጻፊና ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ቁጭ አድርገሽ አስተርጉሚ።

የአጎትሽ ፍርሃት ባዶ አይደለም። የ1969ኙን ውጊያና ቀይ ሽብርን ያየ ትውልድ ነው። አባባ ስማቸውን የሚጠሯቸው ሰዎች ልጆች ዛሬ ጎረቤቶችሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አትቅጂ የሚለው የአጎትሽ ቃል ነው፣ የአባባ አይደለም። ወስነው የሚነግሩሽ ባለቤቱ ናቸው። ስትጀምሪ «ይህን ማን ይስማው? ቤተሰብ ብቻ? ማንም? ወይስ እርስዎ ካለፉ በኋላ?» ብለሽ ጠይቂና መልሳቸውም ይቀዳ። «ዝጊው» ካሉ ወዲያው ዝጊ፤ ደብቆ ማስቀጠል የሚባል ነገር የለም። በሌላ ቀን ቅጂውን አሰሚያቸውና እንደገና ጠይቂ። ራሳቸውን ሲሰሙ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ብዙ ናቸው፤ «ይቺን አውጪያት» ይላሉ። አውጪያት።

እዚህ ላይ ጠንከር የምለው ቅጂው የማን ነው በሚለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ዶሪስ ዱክ የተባለች ባለጸጋ በሰጠችው ገንዘብ፣ በፈረንጆች ከ1966 እስከ 1972 ድረስ 7 ዩኒቨርሲቲዎች የነባር ሕዝቦችን አዛውንቶች ድምፅ በሺዎች ቀዱ። አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ገጠር ድረስ ሄደው ነው የቀዱት። ሥራው ድንቅ ነበር። ካሴቶቹ ግን ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ቅጂዎቹን ዲጂታል አድርጎ ለየማኅበረሰቡ የመመለሱ ሥራ በሰፊው ገንዘብ ያገኘው በፈረንጆች ከ2020 ወዲህ ነው። ሃምሳ ዓመት! የአያቱን ድምፅ ሳይሰማ ያረጀ የልጅ ልጅ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍላሽ የአባባ ነው። ሁለተኛው ያንቺ ይሁን፣ ሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ደቻቱ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የባልደረቦቻቸውን ድርሻም ለየቤታቸው ስጪ። ተቋም ከዚያ በኋላ ይመጣል። አባባ ከፈቀዱ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን ወይም አዲስ አበባ ያለውን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርን ጠይቂ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ሐረር ውጪና ጁገል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም እይው። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በጀመረው ስብስብ ነው የተነሣው። የድሮ የድምፅ ቅጂዎችም አሉበት። ከተማ የራሷን ድምፅ ራሷ ስታስቀምጥ ምን እንደሚመስል ታያለሽ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ያጣሁት አንድ ሰው አለ። አያትሽ። ሴቷን ማለቴ ነው። አባባ ባቡሩን ጠገኑ፤ በባቡሩ ከጅቡቲ ጨርቁን፣ ሽቶውን፣ ዱቄት ወተቱን ያመጡት ግን በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ከስንት ፍተሻ አስመልጠው ቀፊራ ገበያ ያደረሱት እነሱ ናቸው። በየጣቢያው ምግብ ይዘው መስኮት ሥር የሚሯሯጡትም እነሱ ነበሩ። አያትሽ ራሳቸው ባይሠሩት፣ የሠራች ጎረቤት አያጡም። የቱ ፉርጎ ውስጥ፣ ከየትኛው ወንበር ሥር ይደበቅ እንደነበር ወርክሾፑ አያውቅም። ስም መጥራት የማይፈልጉ ከሆነ ያለ ስም ይንገሩሽ።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከእሳቸው ጀምሪ። አባባ ይቀኑ ይሆናል። ይቅኑ፤ ያን ጊዜ ጉሮሮ መጥረጉን ትተው መሀል ላይ ገብተው ያወራሉ።