ቼኩን ሲቀበሉ ምን ፈረሙ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ አጠገብ ያለው የጨርቅ መጋዘኔ ከነዕቃው ተቃጠለ። የኢንሹራንሱ ገማች ጉዳቱን 900 ሺህ ብር አለው። እኔ ያስገመትኩት 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ነው። የእነሱን ለጊዜው ተቀብያለሁ። ልዩነቱን በገለልተኛ ዳኛ ማስወሰን እችላለሁ? የእህቴ ባል መሐንዲስ ስለሆነ እሱ ቢዳኘንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይካስዎት። የእህትዎ ባል ግን አይሆኑም። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 የግልግል ዳኛ (ከፍርድ ቤት ውጭ የሚዳኘው ሰው) ገለልተኛ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ዝምድናው ሲታወቅ ልፋትዎ ሁሉ ገደል ይገባል። ፖሊሲዎ (የኢንሹራንስ ውልዎ) የግልግል አንቀጽ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ወገን አንድ ሰው ይመርጣል፤ ሁለቱ ሦስተኛውን ይመርጣሉ። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት ይሾማል።

እኔን ያስጨነቀኝ «ለጊዜው ተቀብያለሁ» ያሉት ነው። ምን ፈርመው ተቀበሉ? ይህን አልነገሩኝም።

ብዙ ደንበኞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ዕቃው አመድ ሆኗል፣ አበዳሪው በየቀኑ ይደውላል። ቼኩ ከአንድ ገጽ ወረቀት ጋር ይቀርባል፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይባላል። ወረቀቱ ላይ ግን «ለዚህ ጉዳት ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ፤ ወደፊት ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሰው ደረሰኝ መስሎት ይፈርማል። ፍርድ ቤት ይህን እንደ ዕርቅ ከያዘው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕርቅን በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ያየዋል። ያኔ ገለልተኛው ዳኛ የሚዳኘው ነገር አይኖርም። «ቀሪውን በኋላ እናያለን» ብለውኝ ነበር ቢሉም፣ በቃል የተባለን ማን ይመሰክርልዎታል? እባክዎ እህቴ፣ ሳያነቡ አይፈርሙ!

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ የፈረሙበትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። ገና ካልፈረሙ፣ «ቀሪ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ በከፊል የተቀበልኩት» የሚል ቃል ያስገቡ። እምቢ ካሉ ብዕሩን አስቀምጠው ጠበቃ ያማክሩ። ከፈረሙም ተስፋ አይቁረጡ፤ በማታለል ወይም በስህተት ከሆነ የሚከራከሩበት መንገድ አለ፤ ግን ከባድ ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል።

ጊዜውንም አይርሱ። በንግድ ሕጉ የኢንሹራንስ ጥያቄ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ፖሊሲው ላይ ያለውን ቀነ ገደብም ይመልከቱ። ድርድር ላይ ነን ብለው አይዘናጉ።

ፖሊሲውን፣ የሁለቱን ገማቾች ሪፖርት፣ የዕቃ ግዢ ደረሰኞችና የፖሊስ ማስረጃውን ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። እግረ መንገድዎን ዕቃው ፖሊሲው ላይ በስንት ብር እንደተመዘገበ ይዩ። ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ አስመዝግበው ከነበረ ክፍያው በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ገለልተኛ ዳኛ አያስተካክለውም።