ካርዱን የሚበላው ትርፍ ኃይል፦ የሶላር ጥያቄና መልስ ለድሬ ሰው

ሰላም የድሬ ልጆች። ዛሬ ጥያቄ ክፍት ነው። ርዕሱ አንድ ነው፦ የቤታችን ሶላርና ባትሪ የሚተርፈውን ኃይል ወደ መብራት ኃይል መስመር እንዳይለቅ እንዴት እናድርግ? ስትጠይቁ የኢንቨርተሩን (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረውን ሳጥን) ሞዴልና የቆጣሪውን ዓይነት ጻፉ። «ሶላሬ አይሠራም» ብቻ ላለኝ መልስ የለኝም።

ከሳቢያን፦ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ፓኔልን፣ ባትሪንና መስመርን አብሮ የሚያሠራ) አስገባሁ። ቆጣሪዬ የካርድ ነው። ሶላሩ ይሠራል፣ ካርዱ ግን ከድሮው ቶሎ ያልቃል። ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ቆጣሪህ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ የካርድ ቆጣሪ የወጣውንም ኃይል እንደገባ አድርጎ ይቆጥራል። ቀትር ላይ ባትሪህ ሞልቶ 2 ኪሎዋት ቢተርፍና ወደ መስመር ቢወጣ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2 ኪሎዋት ሰዓት ከካርድህ ይቀነሳል። ኃይል የሰጠኸው አንተ፣ የከፈልከውም አንተ። አንዳንዱ ቆጣሪ ደግሞ ኃይል ሲመለስበት ጭራሽ ይዘጋል።

መፍትሔው ሲቲ ነው። እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፣ ድሬ ውስጥ የማየው ችግር አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ሲቲ ማለት ዋናውን የፌዝ ሽቦ አቅፎ የሚይዝ ትንሽ መለኪያ ነው። ምን ያህል እንደገባና እንደወጣ ለኢንቨርተሩ ይነግረዋል። ቦታው ከቆጣሪው ቀጥሎ ነው፣ አንድም ቅርንጫፍ ከመውጣቱ በፊት። ብዙ ባለሙያ ስለሚቀለው ኢንቨርተሩ አጠገብ ያስረዋል። ያኔ ኢንቨርተሩ ኩሽናውን አያይም። ፀሐይ አናት ላይ ሆና ምጣዱ ከካርድ ይበላል።

ከዚህ የባሰው ሲቲው ተገልብጦ ሲታሰር ነው። ኢንቨርተሩ እየላከ ሳለ እየተቀበለ ይመስለዋል። ስለዚህ ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር ሌላ ይጨምራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የፓኔሉን ብሬከር ዝጋ፣ ባትሪውም ኃይል እንዳይሰጥ አድርግ፣ ምጣዱን አብራ። ስክሪኑ ላይ የመስመሩ ቁጥር 3 ሺህ ዋት አካባቢ እየገባ ነው ማለት አለበት። እየወጣ ነው ካለ ሲቲው ተገልብጧል።

ከዚያ ኢንቨርተሩ ላይ «ዜሮ ኤክስፖርት»ን አብራ፣ ወደ መስመር ምንም እንዳይወጣ የሚያዘው ማስተካከያ ነው። ግን ልክ ዜሮ ላይ አትተወው፤ ከ20 እስከ 50 ዋት ሁልጊዜ እንዲገባ አድርግ። ምጣድ በድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ ትንሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ በዚያ መሃል የሚያመልጥ አለ። እሱ አያስጨንቅህ።

ከመጋላ፦ ፓኔሉ የሚሰጠውን ካልወሰድንለት አይቃጠልም?

መልስ፦ አይቃጠልም። ኢንቨርተሩ የሚስበውን ይቀንሳል፣ በቃ።

ከከዚራ፦ አቦ ኢንጅነር፣ ጀርመን ያለችው እህቴ ትርፉን ትሸጣለች። እኛ ለምን እንጥለዋለን?

ከለገሃሬ፦ ውጭ አገርም ገደብ አለ ወንድሜ። የአጎቴ ልጅ አውስትራሊያ፣ አደላይድ ነው፣ ትርፉን የሚልከው እየተቆጣጠሩት ነው።

ከከዚራ፦ ገደብና ክልከላ አንድ ነው እንዴ? እሷ ገንዘብ ታገኛለች እኮ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጀርመን ከየካቲት 2025 በፈረንጆቹ ወዲህ አዲስ የተተከለ ሶላር፣ መቆጣጠሪያ ያለው ስማርት ቆጣሪ እስኪገባለት ድረስ፣ ከፓኔሉ አቅም 60 በመቶ በላይ አይልክም። አደላይድ ደግሞ እንደ መስመሩ ሁኔታ በአንድ ፌዝ ከ1.5 እስከ 10 ኪሎዋት ይፈቀዳል። ምክንያቱ ቮልቴጅ ነው። ሁሉም ቤት ቀትር ላይ ሲልክ የሰፈሩ ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ኢንቨርተሮችም ራሳቸውን ያጠፋሉ። እኛ ጋ ግን የጽሑፍ ውል ሳይኖርህ አትላክ። የውሉን ክርክር ሌላ ቀን እናድርገው።

ከገንደ ቆሬ፦ መብራት ሲጠፋ በኔ ሶላር ለጎረቤቴም በመስመሩ በኩል ላብራለት? ሃይብሪድ ስለሆነ ይችላል አሉኝ።

መልስ፦ በፍጹም! የነገረህ ሰው ቤትህን ዳግመኛ እንዳይነካ። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። ያንተ ኃይል በሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ ኋላ ሲያልፍ 15 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። ሰው ትገድላለህ። ጤነኛ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ከመስመሩ ራሱን ይቆርጣል፤ ቤትህን የሚያበራው በባክአፕ መውጫው በኩል ብቻ ነው። ያንን መውጫ ከዋናው መስመር ጋር ማንም እንዳያገናኘው። ሁለቱም ጫፉ መሰኪያ በሆነ ገመድ ኃይሉን ወደ ግድግዳ ሶኬት ማስገባትም ያው ነው።

ከአዲስ ከተማ፦ ሶላር አለኝ፣ ካርዱ ቶሎ ያልቃል። ለምን?

መልስ፦ የሳቢያኑን አንብብ።

ከአዲስ ከተማ፦ አንብቤዋለሁ፣ የኔ ግን ይለያል።

መልስ፦ እንዴት ይለያል? ሞዴሉስ? ሲቲው የት ነው የታሰረው? ሳትነግረኝ ምን ልበልህ።

ከሳቢያን፦ ቆጣሪውን ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም?

መልስ፦ ቆጣሪ አትንኩ። ቀጣይ።

ከነምበር ዋን፦ እኔ ሲቲው በትክክል ተገጥሞልኛል። ግን ባትሪው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይሞላና ቀሪው ፀሐይ ሁሉ ይባክናል። ያሳዝነኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። የባትሪውን መሙያ አምፔር ቀንሺ። 9 ሰዓት ላይ እንዲሞላ አድርጊው። ቀስ ብሎ ሲሞላ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ በድሬ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኞቹ ሊትየም ባትሪዎች ከ45 ዲግሪ በላይ እንዲሞሉ አይፈቀድም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካስቀመጥሽው እዚያ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። እንጀራሽን ከ4 እስከ 8 ሰዓት ጋግሪ። ፓምፑን ቀትር ላይ በሰዓት መቁጠሪያ አስነሺው፣ ሮቶው ይሙላ። ኤሲውንም ከሰዓት በፊት ክፈቺው፣ ግድግዳው ሳይግል። ማታ ባትሪውን የሚጨርሰው የጋለ ግድግዳ ነው።

ከመጋላ፦ ጄኔሬተርስ? እሱ ላይም ኃይል ይመለሳል?

መልስ፦ ይመለሳል፣ ያበላሸዋልም። ኢንቨርተርህ የጄኔሬተር መግቢያ ካለው እዚያ ብቻ። ከሌለው አታገናኘው።

ከለገሃሬ፦ የሲቲው ፍላጻ ወደ ኢንቨርተሩ ነው ወደ ቆጣሪው?

መልስ፦ እንደ አምራቹ ይለያያል። ማኑዋሉን እይ፣ ከዚያ ግን በምጣዱ ፈትነው። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆንክ ሦስቱንም አንድ በአንድ። ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።