መልስ፦ የ7 ወር ልጄ ገንፎውን ይተፋል፣ አጥሚት ብቻ ብሰጠውስ?

እህቴ፣ አጥሚት ብቻ አይበቃውም። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ ቀጭኑ አጥሚት በውሃ ይሞላውና እህሉ ሳይገባ ይጠግባል። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ገብስና ባቄላ አይጠፋም፣ በነሱ ሥሪ። 3 እጅ ገብስ፣ 1 እጅ ባቄላ። ባቄላው ተዘፍዝፎ ገለባው ይውጣለት፣ ደርቆ ይቆላ፤ አለዚያ ሆዱን ይነፋዋል። ገብሱም በደንብ ይፈተግ፣ ዱቄቱ በጠባብ ወንፊት ይነፋ። የቀረ ገለባ ጉሮሮ ስለሚቧጭር ልጁ ይተፋል።

ገንፎው ከወፈረበት ውሃ አትጨምሪ። ከእሳት አውርደሽ ትንሽ በረድ ሲል፣ ግን ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት አማስይበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይላላል፤ ያኔ እንደገና አፍልተሽ አቀዝቅዢለት። እህሉ ሳይቀነስ ለመዋጥ ይቀላል። ብቅሉ ሻጋታ ያልነካው ይሁን፤ ለጠላ ተብሎ ጓዳ የከረመውን እኔ አልነካም።

በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ2–3 የሾርባ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ኩባያ። ጡቱ አይቋረጥ። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀሽ ቀላቅይ፣ ቅቤም ጠብ አድርጊ። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም፣ አያቶቹ ቢቆጡም።

መጀመሪያ ላይ በምላሱ መግፋቱ ጥላቻ አይደለም፣ ገና እየለመደ ነው። አታስገድጂው፣ ያንኑ ምግብ በማግስቱ ሞክሪ። ክብደቱ ካልጨመረ ወይም ጡትም እምቢ ካለ ግን ሳትቆዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።