ለጌም ሾው የሚመረጥ የላይብረሪ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

ውድ ጠያቂያችን፣

የሙዚቃ ቅንብር ትምህርትሽን ልትጨርሺ መሆኑን፣ ለቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሮች መክፈቻ ሙዚቃ መሥራት እንደምትፈልጊ፣ በእጅሽም አሥራ ሁለት ያለቁ ሥራዎች እንዳሉሽ ጽፈሽልናል። እያንዳንዳቸው አራት ደቂቃ ያህል እንደሚረዝሙ፣ ቀስ ብለው እንደሚጀምሩና ድምፃቸው እየደከመ እንደሚያልቁም ገልጸሻል። ጥያቄሽ «እነዚህን ወደ ሙዚቃ ላይብረሪ ብልካቸው ለጌም ሾው ይመረጡልኛል ወይ? ከተመረጡስ ገንዘቡ በምን መንገድ ይደርሰኛል?» የሚል ነው።

እንዳሉ አትላኪያቸው። መጥፎ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ የተሠሩት ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ስለሆነ ነው። የላይብረሪ ሙዚቃን መጀመሪያ የሚሰማው የፕሮግራሙ ኤዲተር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰማው የት የት ሊቆርጠው እንደሚችል እያሰበ ነው።

ላይብረሪ የምንለው ለአንድ ፕሮግራም ታዝዞ ሳይሆን አስቀድሞ ተቀርጾ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱም ተሰናድቶ የሚቀመጥ የሙዚቃ ክምችት ነው። ንግዱ አዲስ አይደለም፤ የለንደኑ ደ ዎልፍ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ለጌም ሾው ጥሩ ማሳያ የሚሆንሽ ቢቢሲ በ1972 የጀመረው፣ ተወዳዳሪው ጥቁር ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠየቅበት ማስተርማይንድ ነው። መክፈቻው የኒል ሪቻርድሰን «አፕሮቺንግ ሜናስ» ሲሆን ከኬፒኤም ላይብረሪ የተወሰደ ነው። ለውድድር ተብሎ አልተጻፈም፤ ግን ገና ሲጀምር አንድ ስሜት ብቻ ያስይዛል፤ እየቀረበ የሚመጣ ስጋት። ተወዳዳሪው ወደዚያ ጥቁር ወንበር ሲሄድ ሙዚቃው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ደስታም ሐዘንም ጥድፊያም በአንድ ላይ የያዘ ሥራ ቢሆን ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ አይቀመጥም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የአለን ሆክሾው «ቺክን ማን» ነው። ቢቢሲ በ1978 ለጀመረው ግሬንጅ ሂል ለተባለው የተማሪዎች ድራማ መክፈቻ ሆነ፤ በ1979 ደግሞ አይቲቪ ጊቭ አስ ኤ ክሉ የተባለውን ያለ ንግግር በእንቅስቃሴ የማስገመት ውድድር ሲጀምር ያንኑ ዜማ በሌላ ቅጂ አወጣው። ለደራሲው ገቢው ከሁለት በኩል ነው። አዘጋጁ ግን «የእኔ መለያ» ያለውን ሙዚቃ ሌላ ጣቢያ ላይ ይሰማዋል። ስለዚህም ፎርማታቸውን (የውድድሩን አቀራረብ) ወደ ሌሎች አገሮች ለመሸጥ የሚያስቡ አዘጋጆች ዋናውን መክፈቻ በትእዛዝ ማሠራት ይመርጣሉ። በ1998 የተጀመረው ሁ ዋንትስ ቱ ቢ ኤ ሚሊየነር ሙዚቃው በኪዝ እና በማቲው ስትራካን፣ በአባትና በልጅ፣ ለፕሮግራሙ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ፎርማቱ ሲሸጥም ሙዚቃው አብሮ ተጉዟል።

ከዚህ ተነስተን የምንመክርሽ መክፈቻውን ብቻ እያሰብሽ እንዳትሠሪ ነው። በጀታቸው ጠባብ የሆኑ ፕሮግራሞችና የሙከራ ክፍሎች ዛሬም መክፈቻቸውን ከላይብረሪ ይወስዳሉ፤ ለሙከራ የገባ ሙዚቃ ሁሉም ሰው ሲለምደው በዚያው የሚጸናበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ መክፈቻና መዝጊያው አንድ ደቂቃ ቢሆኑ ነው። ቀሪው ከጥያቄ ስር የሚሄደው ማጀቢያ፣ የማሰቢያ ሰዓቱ፣ የትክክልና የስህተት ምልክቱ፣ ከዙር ወደ ዙር መሸጋገሪያው ነው። እነዚህን በአንድ ቤተሰብ አድርጋ የምታቀርብ ጀማሪ አንድ ጥሩ መክፈቻ ብቻ ካላት ይልቅ ተፈላጊ ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ። ቴምፖውን (የሙዚቃውን ፍጥነት) ስትመርጪ ከሰዓቱ ጋር አስልተሽ ይሁን። በደቂቃ 128 ምት፣ በአራት ምት ባር (አራት አራት ምት በሚይዝ ክፍል) ብትጽፊ አንዱ ባር 1.875 ሰከንድ ነው፤ 8 ባር 15 ሰከንድ፣ 16 ባር 30 ሰከንድ፣ 32 ባር 60 ሰከንድ ልክ ይመጣል። በ120 ምት አንድ ባር 2 ሰከንድ ስለሆነ 30 ሰከንድ 15 ባር ይሆንና የስምንት ስምንት ባር ሐረግሽን አንዱን ባር መጣል ግድ ይልሻል። በ128ቱ ስትሠሪ የመጨረሻዋን ምት በ16ኛው ባር መጀመሪያ ላይ አሳርፊያት፤ 28.125 ሰከንድ ላይ ትወድቃለች፣ ቀሪዋ 1.875 ሰከንድ ለማስተጋቢያው ትሆናለች። ድምፁን እየቀነሱ መጨረስ እዚህ አይሠራም፤ አቅራቢው «ሰዓትህ አልቋል!» የሚልበት ቅጽበት ጠንካራ ማረፊያ ይፈልጋል።

አጀማመሩም እንዲሁ ነው። የሙዚቃው ባሕርይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ካልታወቀ ፈላጊው ወደሚቀጥለው ያልፋል። በየ8 ባሩ ደግሞ ንጹሕ መቁረጫ ተዪለት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባሱ ተይዞ የባሩን መስመር ሲሻገር ወይም የሲምባል ድምፅ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲፈስ ነው፤ ኤዲተሩ እዚያ ጋ ሲቆርጥ የተበጠሰ ድምፅ ይሰማል።

ዜማውን የያዘው መሣሪያ ከአቅራቢው ንግግር ጋር ይጋጫል፤ ንግግር የሚለይበት ድምፅ በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዜማ የሌለው ቅጂ የግድ ያስፈልጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ጥያቄ ሲያነብ ቅረጪ፣ ሙዚቃውን ከስሩ ዝቅ አድርገሽ አስገቢ፣ ጥያቄውን የማያውቅ ሰው አስደምጪ። አንዲት ቃል ካመለጠችው የመሐለኛውን ድምፅ አሳሺው።

የትክክልና የስህተት ምልክቶችን ማጀቢያው ባለበት ቁልፍ (ሙዚቃው በተመሠረተበት የኖታ ስብስብ) ጻፊያቸው። ማጀቢያው በዲ ማይነር እየሄደ የትክክል ምልክቱ በኢ ፍላት ሜጀር ቢመጣ፣ ተወዳዳሪው ሲያሸንፍ የሚሰማው የተጣላ ድምፅ ይሆናል። በዲ ወይም በኤ የሚያርፍ አጭር ምልክት ግን ከየትኛውም ባር ላይ ቢወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል።

ለአንድ ሥራ የምታስረክቢው እንግዲህ ሙሉው ቅጂ፣ ዜማ የሌለው፣ ከበሮና ባስ ብቻ የሆነው፣ የ60፣ የ30 እና የ15 ሰከንድ ቅጂዎች፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ የሚሆን አጭር ምልክት፣ በመጨረሻም ስቴሞቹ (እያንዳንዱ የመሣሪያ ቡድን ለብቻው የወጣባቸው ፋይሎች) ናቸው። በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ዋቭ ይሁኑ። ስቴሞቹ ሁሉ ከአንድ ዜሮ ነጥብ ጀምረው እኩል ይርዘሙ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ በማስተሩ (በመጨረሻው ድምር) ላይ ያለው ሊሚተር (ድምፅ ከገደብ እንዳያልፍ የሚያግድ መሣሪያ) እንደበራ ስቴም ያወጣሉ። ሊሚተሩ ለእያንዳንዱ ስቴም ለየብቻ ስለሚሠራ፣ ስቴሞቹ ተደምረው ሚክሱን አይሆኑም። ድምፁንም አታፍኚው፤ የአውሮፓ ስርጭት መለኪያ -23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጩኸት አሃድ) ስለሆነ ያጮህሽው ሁሉ ተመልሶ ዝቅ ይላል፣ የሚተርፈው ሕይወት ያጣ ከበሮ ነው።

ከገዛሻቸው የሉፕ (ተደጋግመው እንዲጫወቱ የተዘጋጁ ቁርጥራጮች) ጥቅሎች ዜማ ያለው ክፍል አትውሰጂ። ያው ሉፕ በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ድምፆችን ለይቶ የሚያወጣው የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የባለቤትነት ጥያቄ ያስነሳል፤ በውልሽ ላይ ሥራው የራሴ ነው ብለሽ ስለምትፈርሚም ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። የታወቀ መክፈቻን የሚመስል ሥራም እንዲሁ ያስጠይቃል።

ስለ ገንዘቡ። ገቢው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው አዘጋጁ ለላይብረሪው የሚከፍለው የፈቃድ ክፍያ ነው፤ እንደ ውሉ ይካፈላል፣ እኩል በእኩል መካፈል የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከስርጭት የሚመጣው ሮያሊቲ ነው፤ ይህን የሚሰበስቡት እንደ ፒአርኤስ፣ አስካፕ እና ቢኤምአይ ያሉ ማኅበራት ናቸው። ለእነሱ መረጃ የሚሆነው አዘጋጁ የሚሞላው ኪው ሺት ነው፤ የሙዚቃው ርዕስ፣ ደራሲው፣ አሳታሚው፣ የአጠቃቀሙ ዓይነትና ርዝመቱ ይሰፍርበታል። ስምሽ እዚያ ላይ ከተሳሳተ ወይም ከማኅበር ካልተመዘገብሽ ገንዘቡ አያገኝሽም። በሳምንት አምስት ቀን ዓመቱን ሙሉ የሚተላለፍ ውድድር 260 ክፍል ነው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ስድስት ደቂቃ የሚሰማ ማጀቢያ ስንት ደቂቃ እንደሚሞላ አስቢው። ክፍያው ግን ከስርጭቱ ወራት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ አገር ሲሆን ደግሞ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪሽን በዚህ ላይ አታስቢ። በፕሮዳክሽን ድርጅት ውስጥ የሙዚቃ ኤዲተር ረዳትነት ካገኘሽ ያዢው፤ የትኛው ሙዚቃ ለምን እንደሚጣል በየቀኑ ታዪያለሽ።

አሁን ካሉሽ አሥራ ሁለት ሥራዎች አንድ ግልጽ ስሜት ያላቸውን ሁለቱን ምረጪና ከላይ እንዳልነው ሙሉ ቤተሰብ አድርገሽ ሥሪያቸው። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ላይብረሪዎችን መርጠሽ ክምችታቸውን አዳምጪ፤ የጎደላቸውን ካገኘሽ ሥራሽን ከአጭር ደብዳቤ ጋር በማዳመጫ ሊንክ ላኪ እንጂ ፋይል አታያይዢ። ርዕሱ ሥራውን ይናገር፤ ቴምፖውን፣ ቁልፉን፣ ስሜቱንና የሚሆንበትን ቦታ በጥቂት ቃላት ጻፊ። አርባ ቃል ከደረደርሽ ሙዚቃው በማይሆንበት ፍለጋ ሁሉ እየወጣ ያሰለቻል።

አንድን ሥራ ለሁለት ላይብረሪ በሁለት ርዕስ አትስጪ፤ አዘጋጁ ያንኑ ሙዚቃ ከሁለት ቦታ ሲያገኘው ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ ስለሚጠራጠር ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ውሉ ብቸኛ መብት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት ካልተሸጠ ወደ አንቺ የሚመለስበት አንቀጽ እንዲገባ ጠይቂ። ከሮያሊቲው የአሳታሚውን ድርሻ ላይብረሪው መውሰዱ የተለመደ ነው፤ የደራሲውን ድርሻ የሚጠይቅሽን ውል ግን አትፈርሚ።