አባዬ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ይላል

ሰላም ጋሼ፣

አንቱ ስላላልኩህ ቅር እንዳይልህ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ቤታችን ሳቢያን ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ከሴት ጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ከግቢው በር እስከ ዶርም ያለው መንገድ ማታ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ትንኮሳ የደረሰባት ልጅ ሄዳ ብታመለክትም የሚሰማት የለም። መጀመሪያ አስር ነበርን። በኋላ አራተኛ ዓመት ወንዶች ተቀላቀሉንና ነገሩ ሰፋ፤ የኑሮ ውድነቱም፣ የሥራ አጡም፣ የመሬቱም ጥያቄ ተጨመረበት፣ አሁን ደግሞ ሰልፍ እንውጣ እየተባለ ነው። «ጽሑፍሽ ያምራል» ብለው ደብዳቤው ላይ እኔ እንድፈርም ይፈልጋሉ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ገና ወሬውን ሳነሳው «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብሎ ከገበታ ተነሳ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የታላቅ ወንድሙ ፎቶ አለ፣ አፍሮ ያበጠረ ልጅ። በ1970 ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ምን ላድርግ?

የሳቢያኗ

አቦ የኔ ልጅ፣ ምን ቅር ይለኛል፣ እኔም ከዚራ ነው ያደግኩት!

ጓደኞችሽ አባትሽን ኋላቀር ይሉት ይሆናል። አይደለም። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ አደባባይ ወጡ፤ በአስር ዓመቱ፣ የካቲት 1967፣ ደርግ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ብሎ አወጀ፣ ጥያቄያቸው ተመለሰ ማለት ነው፣ ከዚያ ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀይ ሽብር መጣና ስንቱን ወጣት በላ። አባትሽ ሁለቱንም ያውቃል። እሱ የሚፈራው ሐሳብሽን ሳይሆን ፎቶ ሆነሽ እንዳትቀሪ ነው።

ስለ ፊርማው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ አዘጋጆች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ መብቱን ጽፎታል። ወረቀቱ ይህን ይበል እንጂ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው የፈረመ ሰው ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፦ እነዚያ አራተኛ ዓመቶች ስማቸውን ከስምሽ በላይ ይጽፋሉ? «አንቺ ፈርሚ፣ እኛ ከኋላ አለን» ካሉሽ እኔ አንቺን ብሆን እስክሪብቶውን አልነካም። በዚያ ላይ የመብራቱ ጥያቄ የት ገባ? አስራችሁ የጀመራችሁት ነገር ውስጥ ወንዶቹ የራሳቸውን አጀንዳ ጫኑና የእናንተ መጨረሻ ላይ ተለጠፈ። መልሳችሁ ለዩት። መንገዱን በቀንም በማታም ፎቶ አንሱ፣ የተበደሉት ልጆች ከፈቀዱ ያሉትን ያለስማቸው ጻፉ፣ ለአስተዳደሩ አስራችሁም ፈርማችሁ አስገቡ፣ መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥርም ተቀበሉ። ይሄም ፖለቲካ ነው፣ አትሞኚ። ፈሪ የሚልሽ ካለ ማታ በዚያ መንገድ ብቻውን ይሂድበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እሁድ ቡና ሲፈላ ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂው። አቧራውን እየጠረግሽ አባትሽ አጠገብ ተቀመጪና ይህ ልጅ ምን ይወድ ነበር ብለሽ ጠይቂው።